ማንኪያው በማን እጅ ነው?

“ፋፋ” ግስ ነው። ሕፃን ጉንጩ ሲሞላ፣ ክንዱ ላይ እጥፋት ሲያወጣ “ፋፋ” ይባላል። ጎረቤት ገብቶ “እሰይ፣ ፋፍቷል!” ሲል እናት ደስ ይላታል፤ ወዲያው ደግሞ ዓይን እንዳይበላባት ልጇን ወደ ደረቷ ጠጋ ታደርገዋለች። ከ1960ዎቹ ማብቂያ ወዲህ ግን ቃሉ የዱቄት ስምም ሆነ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከረጢት ላይ ታተመ፣ በሱቅ ተሸጠ፣ በጤና ጣቢያ ታደለ። ድርቅ በመታቸው የገጠር አካባቢዎች ደግሞ “ፋፋ መጣ” ማለት እርዳታ መጣ ማለት ሆነ፤ ከረጢቱ ላይ የተጻፈው ሌላ ስም ቢሆንም ለሕፃንና ለነፍሰ ጡር የሚሰፈር ዱቄት ሁሉ ፋፋ ተባለ። አንድ ቃል በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ከምርቃት ወደ ሸቀጥ፣ ከሸቀጥ ወደ ራሽን ሄደ።

እኔ ሶፍትዌር ነው የምሠራው፤ የታሪክም የሥነ ምግብም ተማሪ አይደለሁም። ወደዚህ የዱቄት ታሪክ የገባሁት ልጃችን ስድስት ወር ሊሞላት ሲል ቤት ውስጥ በተነሳ ክርክር ነው። ባለቤቴ ስልኳ ላይ የምታያቸው እናቶች ልጃቸውን ወንበር ላይ ያስቀምጡና ጣት በሚያክል መጠን የተቆረጠ የበሰለ ካሮት፣ አቮካዶ፣ የእንቁላል ጥብስ ፊቱ ይደረድሩለታል። ማንኪያ የለም። “በል ዋጥ” የለም። ሕፃኑ ራሱ ያነሳል፣ ይልሳል፣ ይጥላል፣ ሲመቸው ይበላል። ቤቢ ሌድ ዊኒንግ ይሉታል። የአማርኛ ስም ስላልወጣለት እኛ ቤት “ሕፃን መር” እንለዋለን፤ ገበያ መር ኢኮኖሚ እንደሚባለው። እናቴ ደግሞ እዚሁ አቃቂ በሰቃ አራት ልጅ ያሳደገች ሴት ናት። ቪዲዮውን አይታ ያለችው አንድ ነገር ነው፦ “ጥርስ ለሌላት ልጅ ደረቅ ነገር? አንቃችሁ ልትገድሏት ነው እንዴ?” ከዚያ ተነስታ አጥሚት ጣደች።

ሁለቱን ሳዳምጥ ግን የሚከራከሩት ስለ አንድ ነገር አልመሰለኝም። ባለቤቴ የምታወራው ስለ እጅ ነው፦ ማን ያንሳ፣ ማን ይወስን። እናቴ የምታወራው ስለ ሳህኑ ነው፦ ምን ይሠራ፣ ምን ይቀላቀል፣ ልጅቷ ትጠግባለች ወይ። ስገባበት ያየሁትም ይኸው ነው፤ የኢትዮጵያ የሕፃናት ምግብ ታሪክ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሙሉ ስለ ሳህኑ ሲጨነቅ የኖረ ታሪክ ነው። ስለ እጅ ማውራት የተጀመረው በጣም ዘግይቶ፣ ያውም ከሌላ አገር ተነስቶ ነው።

ከዱቄቱ በፊት የነበረውን “ባህላዊ አመጋገብ” ብሎ ማለፍ ይቀላል፤ ግን ቃሉ ብዙ ነገር ይደብቃል። ለአራስ ሕፃን ገና ጡት ሳይዝ ቅቤ ማላስ ነበር። ጥቂት ወራት ሲሆነው አብሽ ይመጣል፣ ተልባ ይመጣል፣ የላም ወተት በውሃ ቀጥኖ ይመጣል። ከዚያ አጥሚትና ሙቅ፤ ከእንሰት አገር ለመጣ ቤተሰብ ቡላ። አሰጣጡን የሚገልጽ አንድ ጠንካራ ግስ ደግሞ አለን፦ መጋት። እናት ልጇን ጭኗ ላይ በጀርባው ታስተኛዋለች፤ መዳፏን እንደ ጽዋ አጉድጉዳ ከታችኛው ከንፈሩ ሥር ትደግናለች፤ ሙቁን ታፈስበታለች። ልጁ ለመተንፈስ ሲል ይውጣል። ካልዋጠ አፍንጫው ለአፍታ ይያዛል። በጭካኔ አይደለም፤ እንዲያውም አለመጋት ነበር እንደ ጭካኔ የሚታየው፤ “ልጇን በረሃብ የምትቀጣ” ይባልባታል። ችግሩ ፈሳሹ ወደ ሳንባ የመግባት ዕድሉ ነው፤ የጤና ባለሙያዎች ሲቃወሙት የኖሩትም በዚህ ምክንያት ነው።

በሌላ በኩል ያው ሕፃን በምሳ ሰዓት አባቱ ጭን ላይ ተቀምጦ ወደ ትሪው እጁን ይሰዳል። እንጀራ ይቆነጥራል፣ ወጥ ይነካል፣ ፊቱን ይለቀልቃል፣ ሰው ይስቃል፣ አንዱ ፍትፍት ያጎርሰዋል። አሁን ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ “እኛ እኮ ድሮም ቤቢ ሌድ ነበርን” የሚሉ ሰዎች የሚያነሱት ይህን ትዕይንት ነው። እኔ ይህን ግማሹን ብቻ ነው የምቀበለው። ትሪው ላይ ያለው የልጁ እጅ ጨዋታ ነበር፤ “ምግብ” የሚባለው የተጋተው ነው። እናት ልጇ በልቷል አልበላም ብላ የምትቆጥረው ሙቁን እንጂ ከትሪው የቆነጠረውን አልነበረም።

ዱቄቱ ወደዚህ ዓለም የገባው በስዊድን በኩል ነው። በ1950ዎቹ ማብቂያ አዲስ አበባ ውስጥ የኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ክሊኒክ ሥራ ጀመረ። በ1962 ደግሞ ሁለቱ መንግሥታት የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል የሚባል ተቋም መሠረቱ። ይህ ተቋም በኋላ የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ሆነ፤ በ1995 ከሌሎች ጋር ተዋህዶ ዛሬ የኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የምንለው ውስጥ ገባ። ዶክተሮቹ በየዋርዱ የሚያዩት ክዋሽዮርኮር የሚባለውን በሽታ ነበር፦ እግሩ ያበጠ፣ ፀጉሩ የቀላ፣ ምግብ እያየ ፊቱን የሚያዞር ልጅ። ስሙ ከጋና የጋ ቋንቋ የተወሰደ ነው። በሽታውን በ1933 ለሕክምናው ዓለም የገለጸችው ዶክተር ሲስሊ ዊልያምስ ቃሉን የወሰደችው ከእናቶቹ ነው፤ ታናሽ ሲመጣበት ከጡት የተባረረ ልጅ የሚይዘው በሽታ እንደማለት ነው። ከሕክምና ስሞች ሁሉ እንደዚህ ታሪክ ያለው አላውቅም። ስለ ምግቡ ምንም አይልም፤ ስለ ቦታ ነው የሚናገረው፣ ከጭን ስለ መውረድ።

ተቋሙ መጀመሪያ የሠራው ሥራ እንደኔ ላለ ሰው ልብ የሚያሞቅ ነው፦ ዳታ መሰብሰብ። የአገሩ ሰው የሚበላውን እያንዳንዱን ነገር ናሙና ወስደው በላቦራቶሪ ፈተሹ። በ1968 ኦግሬንና ሮዛሊንድ ጊብሰን የኢትዮጵያን የምግብ ይዘት ሠንጠረዥ አወጡ። ጤፍ፣ ሽሮ፣ ቆጮ፣ በርበሬ፣ ኑግ፣ ሁሉም በፕሮቲንና በካልሲየም በብረት ተዘርዝሮ። እስከ ዛሬ የአገራችን የአመጋገብ ጥናቶች የዚህን ሠንጠረዥና የተከታዮቹን ቁጥሮች ይጠቀማሉ። በዚያው ዓመት ስዊድናዊው የሕፃናት ሐኪም ይንግቬ ሆፍቫንደር ስለ ብረት ያሳተመው ጥናት ደግሞ አንድ እንቆቅልሽ አሳየ። ኢትዮጵያውያን የሚመገቡት ብረት ከዓለም እጅግ ከፍተኛ ከሚባለው ነበር፤ ነገር ግን ትልቁ ክፍል የጤፉ ሳይሆን የአፈሩ ነው። ጤፍ መሬት ላይ በበሬ እየተወቃ ከአፈር ጋር ይቀላቀላል፤ ደቃቅ ስለሆነ አጥቦ መለየት ያስቸግራል። ከአፈር የመጣን ብረት ደግሞ ሰውነት እንደ ልቡ አይወስደውም። “ጤፍ በብረት የበለጸገ ነው” የሚል ማስታወቂያ ባየሁ ቁጥር አሁን ይህ ትዝ ይለኛል።

ፋፋ የተሠራው ከዚህ ሁሉ ሒሳብ በኋላ ነው። የስንዴ ዱቄት፣ ሽምብራ፣ አኩሪ አተር፣ ቅባቱ የወጣለት የወተት ዱቄት፣ ስኳር፣ ጨው፣ ቫይታሚንና ማዕድን። ከመቶው 20 ገደማ ፕሮቲን። እናት በውሃ በጥብጣ አብስላ የምትሰጠው፣ ከአጥሚት ብዙ የማይርቅ ነገር፤ ሐሳቡም ይኸው ነበር፤ ቤት ውስጥ ያለውን አሠራር ሳይነኩ ውስጡን መቀየር። በእኛ ቋንቋ ኢንተርፌሱ እንዳለ ሆኖ ከኋላ ያለውን ኮድ መቀየር ማለት ነው።

ፋፋ ብቻውን አልነበረም። ዘመኑ ዓለም ሁሉ “የፕሮቲን ክፍተት” የሚል ጭንቀት ውስጥ የገባበት ነው። የተባበሩት መንግሥታት በ1955 የፕሮቲን አማካሪ ቡድን አቋቁመው ነበር። ጓቲማላ ውስጥ ኢንካፓሪና የሚባል ተመሳሳይ ዱቄት ወጣ፤ አልጄሪያና ሕንድም የየራሳቸውን አወጡ። በየአገሩ የተማሩ ሰዎች በነጭ ጋውን ቆመው፣ የድሃ ልጅ የጎደለውን በከረጢት ለመሙላት ሞከሩ። ከዚያ በ1974 ዶናልድ ማክላረን የሚባል ሐኪም ላንሴት ላይ ጥርስ ያለው ጽሑፍ አወጣ፤ ርዕሱ “ታላቁ የፕሮቲን ውድቀት” እንደማለት ነበር። የሚለው በአጭሩ፦ ልጆቹ የጎደላቸው ፕሮቲን ብቻ አይደለም፣ በቂ ምግብ ራሱ ነው፤ ዱቄቱ ደግሞ መግዛት ለማይችለው ቤት አይደርስም።

ሁለተኛው ነጥብ እዚህም ሠርቷል። በከረጢት የታሸገ ዱቄት በገንዘብ ይገዛል፤ ገበሬው ቤት ያለው ደግሞ እህል እንጂ ጥሬ ገንዘብ አይደለም። ደሞዝተኛ ያለበት የከተማ ቤት ፋፋ ይገዛል፤ ክዋሽዮርኮር ያለው ግን በአብዛኛው ሌላ ቤት ነው። ወደዚያኛው ቤት ፋፋ በብዛት የገባው ረሃብ ሲመጣ፣ በተለይ በ1984 እና በ1985፣ በእርዳታ መልክ ነው። ቃሉ የራሽን ስም ሆኖ የቀረው በዚህ መንገድ ነው። ፋብሪካው ዛሬም አለ፤ ብዙዎቻችሁ የበላችሁትን ሴሪፋምን የሚያመርተው እሱ ነው።

የፋፋ ሰዎች ይህን ችግር አላዩም ማለት ግን ትክክል አይሆንም። ሆፍቫንደር ራሱ ከማርጋሬት ካሜሮን ጋር ሆኖ በ1971 ስለ ሕፃናት አመጋገብ አንድ መመሪያ መጽሐፍ አወጣ። ትኩረቱ ቤት ውስጥ በሚሠራ ምግብ ላይ ነው፤ ፋብሪካ ሳያስፈልግ፣ ጓዳ ውስጥ ያለውን እህልና ጥራጥሬ በልኩ መቀላቀል። መጽሐፉ በብዙ አገር ተነበበ። እኛ ሰፈር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ስትመጣ የምትነግረን “ሦስት እጅ እህል፣ አንድ እጅ ጥራጥሬ” የዚያ አስተሳሰብ የልጅ ልጅ ነው። እናቴ እንደሆነ ምጥን ማንም አላስተማራትም፤ ገብሱን፣ ስንዴውን፣ ሽምብራውን ቆልታ ማስፈጨት ከእናቷ የያዘችው ነው። “ይኼንን ለማወቅ ስዊድን ድረስ?” ነው ያለችኝ።

የእናቴ አጥሚት ላይ ግን አንድ ጥያቄ ነበረኝ፣ እሱም ውፍረቱ ነው። ይህን ቁጭ ብዬ አሰላሁት። የዓለም ጤና ድርጅት የሕፃንን ጨጓራ በአንድ ኪሎ ክብደት 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ብሎ ይገምታል። ልጃችን 7 ኪሎ ናት፤ ስለዚህ በአንድ ጊዜ የምትይዘው 210 ሚሊ ሊትር ነው፣ ከአንድ የሻይ ብርጭቆ ትንሽ ከፍ ያለ። ከ6 እስከ 8 ወር ያለ፣ ጡት በደንብ የሚጠባ ሕፃን ከጡት ሌላ በቀን 200 ካሎሪ ገደማ ያስፈልገዋል። መቶ ግራም ዱቄት 350 ካሎሪ አካባቢ ይይዛል። ቀጭን ሙቅ በመቶ ሚሊ ሊትር 5 ግራም ያህል ዱቄት ቢኖረው፣ ጨጓራዋን ሞልታ የምታገኘው 37 ካሎሪ ነው። በቀን ሦስት ጊዜ ብትጠግብም 110 ላይ ትቆማለች። ወፍራም፣ 20 ግራም ዱቄት የገባበት ገንፎ ከሆነ ግን አንዱ ሳህን ወደ 147 ይደርሳል፤ ሁለት ጊዜ በቂ ነው። ልጁ ጠግቦ ይተኛል፣ እናት ጠግቧል ትላለች፣ ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ የጠገበው ግን በውሃ ነው። ለዚህ ነው ባለሙያዎች ገንፎው ማንኪያ ላይ የሚቆም እንጂ የሚንጠባጠብ አይሁን የሚሉት።

ታዲያ ለምን ይቀጥናል? አንደኛው፣ ስታርች ሲበስል ስለሚያብጥ ጥቂቱ ዱቄት ብዙ ውሃ ይይዛል። ሁለተኛው ደግሞ መጋት ነው። ወፍራም ነገር መጋት አይቻልም፤ በመዳፍ የሚፈስ ነገር መቅጠን አለበት። የምግቡን ውፍረት የወሰነው እንግዲህ የልጁ ሆድ ሳይሆን የአሰጣጡ ዘዴ ነበር ማለት ነው። ሳህኑና እጁ የተገናኙት እዚህ ነው፤ እኔ እስከማውቀው ይህን ግንኙነት ዱቄቱ ብቻውን ሊፈታው አይችልም ነበር። ፋፋም በውሃ ሲቀጥን ያው ቀጭን ነው። (አንድ የኬሚስትሪ ወሬ ልጨምር፦ ብቅል ስታርችን ይሰባብራል። ወፍራም ገንፎ ላይ ትንሽ የብቅል ዱቄት ጣል ቢደረግ ዱቄቱ ሳይቀነስ ገንፎው ይላላል። ጠላ የሚጠመቅበት ቤት ሁሉ መፍትሔው ጓዳው ውስጥ ነበር።)

ስለ እጁ የተጻፈው ታሪክ የሚጀምረው ሩቅ ነው። በ1920ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ክላራ ዴቪስ የምትባል የሕፃናት ሐኪም ነበረች። ጊዜው ዶክተሮች ለሕፃን ምግብ በሰዓትና በግራም የሚያዙበት ነው። እሷ የተገላቢጦሹን ሞከረች፦ ገና ከጡት የተላቀቁ ሕፃናትን ተቋም ውስጥ አስቀምጣ ራሳቸው እንዲመርጡ አደረገች። ሰላሳ ያህል ዓይነት ምግብ እየተፈራረቀ ይቀርባል፤ ሥጋ፣ ጉበት፣ እንቁላል፣ እህል፣ ወተት፣ ፍራፍሬ፣ አትክልት። ነርሷ ዝም ብላ ትቀመጣለች፤ ሕፃኑ እጁን ወደ አንዱ ሳህን ሲዘረጋ ብቻ ማንኪያ ታነሳለች። “ብላ” አትልም፣ ፊቷንም አታጨማድድም። የመጀመሪያውን ውጤት በ1928 አሳተመች፤ በ1939 የ15ቱን ልጆች ጉዞ ጠቅልላ አቀረበች። ልጆቹ አደጉ፣ ጤነኛ ሆኑ፣ የእያንዳንዳቸው ምርጫ ደግሞ ዝብርቅርቅ ነበር።

ብዙ ሰው ይህን ሙከራ የሚጠቅሰው “ሕፃን የሚበጀውን ያውቃል” ለማለት ነው። ዴቪስ ራሷ ግን እንደዚያ አላለችም። የሙከራዬ ዘዴ ያለው ዝርዝሩ ላይ ነው አለች፤ ስኳር የለም፣ የተፈተገ ዱቄት የለም፣ የቀረበው ሁሉ ያልተበላሸ፣ የተሟላ ምግብ ነው። ልጁ ከዚያ ዝርዝር የቱንም ቢመርጥ ብዙ ሊሳሳት አይችልም። ቀጥሎ ልትመረምር የፈለገችው ዝርዝሩ መጥፎ ሲሆን ምን እንደሚፈጠር ነበር፤ የኢኮኖሚ ቀውሱ ገንዘቡን ወሰደውና ሳይሠራ ቀረ። ያን ያልተሠራ ሙከራ የድሃ አገር ልጆች ሁሉ በየቤታቸው ሲኖሩት እንደነበር እኔ አስባለሁ።

ቤቢ ሌድ ዊኒንግ የሚለውን ስም ያስተዋወቀችው እንግሊዛዊቷ ጊል ራፕሊ ናት፤ ከትሬሲ መርኬት ጋር የጻፈችው መጽሐፍ በ2008 ወጣ። ጊዜው የገጠመው የዓለም ጤና ድርጅት ጡት ብቻ ማጥባት እስከ ስድስት ወር ይቀጥል ካለበት ከ2001 በኋላ ነው። ምክንያቷ ቀላል ነው፦ በአራት ወር ምግብ ሲጀመር ሕፃኑ መቀመጥ ስለማይችል ማንኪያና የተፈጨ ነገር ግድ ነበር፤ በስድስት ወር ግን ይቀመጣል፣ ይጨብጣል፣ ያላምጣል፤ ታዲያ ለምን ይፈጫል? መሰናዶው ሲታይ ሞኝ አይደለም። ሕፃኑ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፣ ምግቡ በሁለት ጣት መሐል የሚፈርስ ይሁን፣ ሰው ከአጠገቡ አይለይ። ኡእ ማለት መታነቅ አይደለም፤ ድምፅ ያለው ሳል መከላከያው ነው፣ የሚያስፈራው ዝምታ ነው። ቆሎ፣ ለውዝ፣ ጥሬ ካሮት፣ ሙሉ ወይን እስከ ትልቅ ዕድሜ ክልክል ነው። ይህን የመጨረሻውን እኛ አገር ደግሜ መናገር ያስፈልጋል፤ ቆሎ የማይበተንበት ሳሎን የለም።

ክርክሩን በሙከራ ለመፍታት የሞከሩት ኒውዚላንዶች ናቸው። ደኒደን ከተማ ያለው የኦታጎ ዩኒቨርሲቲ 206 እናቶችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ ለአንደኛው ቡድን የተስተካከለ ሕፃን መር ዘዴ አስተማረ። ብሊስ ይባላል። “የተስተካከለ” ያልኩት በየማዕዱ ብረት ያለው አንድ ምግብ፣ ካሎሪ ያለው አንድ ምግብ እንዲኖርና ለማነቅ የሚያሰጋው እንዲወጣ ስላደረጉ ነው። በ2016 እና በ2017 የወጣው ውጤት የሁለቱንም ወገን አፍ የሚዘጋ ነው፦ በክብደት ልዩነት የለም፤ በመታነቅም ልዩነት አልተገኘም፤ ራሳቸውን የመገቡት ልጆች በአንድ ዓመታቸው በምግብ የበለጠ የሚደሰቱና ያን ያህል የማይመርጡ ሆኑ። ስፈልግ ያስገረመኝ ግን ሌላ ነው። ሮዛሊንድ ጊብሰን፣ የኢትዮጵያን ሽሮና ጤፍ በላቦራቶሪ የፈታችው ያቺ ሴት፣ በኋላ ፕሮፌሰር ሆና የሠራችው እዚያው ኦታጎ፣ በሥነ ምግብ ክፍሉ ነው። የፋፋ ዘመን ሠንጠረዥና የሕፃን መር ሙከራ በአንድ ኮሪደር አልፈዋል ማለት ይቻላል። ብሊስም በመሠረቱ ዴቪስ ያለችውን ነው ያደረገው፦ መጀመሪያ ዝርዝሩን አስተካክል፣ ከዚያ እጁን ልቀቅ።

እንግዲህ ዝርዝሩን ወደ አቃቂ እናምጣው። ስልክ ላይ ያለው ዝርዝር ብሮኮሊ፣ ሳልመን፣ ብሉቤሪ ይላል፤ እሱን እንተወው። አቮካዶ አለ፣ ሙዝ አለ፣ ድንች፣ ስኳር ድንች፣ ዱባ አለ። ቆስጣ አለ፤ እዚህ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል። የአቃቂ ወንዝ የከተማውን ፍሳሽና የፋብሪካውን ዝቃጭ ተሸክሞ ነው እኛ ጋ የሚደርሰው፤ በወንዙ ውሃ በሚለማ አትክልት ላይ ከባድ ብረቶች ከሚገባው በላይ እንደሚገኙ ከ20 ዓመት በላይ በተደጋጋሚ ተጠንቷል። ሕፃን ልጅ ላይ ደግሞ ትንሹም ብዙ ነው። ቆስጣ ስገዛ ከየት እንደመጣ እጠይቃለሁ፤ ሻጯ ሁልጊዜ “ከደብረ ዘይት” ትላለች።

ሕፃን መር ላይ ሐኪሞች የሚያነሱት ትልቁ ሥጋት ብረት ነው፤ ከእናት ማሕፀን ይዞት የመጣው ክምችት በስድስት ወር አካባቢ ያልቃል። እንጀራ ለስላሳ ነው፣ ለመጨበጥ ይመቻል፣ እሷም ትወደዋለች፤ ግን ከላይ እንዳልኩት የጤፍ ብረት በወረቀት እንደሚታየው አይደለም። ሥጋ፣ ጉበት፣ እንቁላል ያስፈልጋል። ዋጋው አንድ ነገር ነው። ጾሙ ሌላ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሕፃን ይጹም አትልም፤ ነገር ግን ብዙ እናቶች ድስቱ እንዳይነካካ ሲሉ በጾም ወራት ለልጁም ብለው የፍስክ ምግብ አያበስሉም። ዓቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው፤ ለስድስት ወር ሕፃን ይህ የዕድሜው ሲሶ ሊሆን ትንሽ የቀረው ነው። እኛ ቤት መፍትሔው አንዲት ትንሽ ለብቻ የምትቀመጥ ድስት ሆነች፤ ሐሳቡም የእናቴ ነው።

በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ6 እስከ 23 ወር ካሉ የኢትዮጵያ ሕፃናት የምግብ ስብጥሩ በቂ የተባለው ለ14 በመቶው ብቻ ነበር፤ ስብጥሩም ድግግሞሹም የተሟላለት 7 በመቶው ነው። ከመቶ ሰባት። ከአምስት ዓመት በታች ያሉ የቀነጨሩ ልጆች በ2000 ከነበሩበት 58 በመቶ በ2016 ወደ 38 ወርደዋል፤ ቀላል ለውጥ አይደለም። ግን 93ቱ ልጆች ፊት ምንም ብትደረድር የዴቪስ ዝርዝር አይሞላም። እጁን መልቀቅ እዚያ ምን ማለት ነው?

እኔ ጥቅም የለውም አልልም። ቤታችን አሁን የተስማማንበት እንዲህ ነው፦ የእናቴ ምጥን ዱቄት፣ ግን ወፍራም፣ ቅቤ የገባበት። ግማሹ በማንኪያ ይሰጣታል፤ ግማሹ እየተድቦለቦለ ፊቷ ይቀመጥላታል፣ ከድንች ወይም ከእንቁላል ጋር። አፏን ስትዘጋ ያበቃል። መጋት የለም። እናቴ “አፏን ዘጋች እኮ፣ አልጠገበችም” ስትል ከባዱ እሱ ነው፤ አለመጋት ለእሷ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ነው። ከዴቪስ ነርሶች የበለጠ ዲሲፕሊን ይጠይቃታል። ወለሉን ማን ይጥረግ የሚለው ገና አልተፈታም።

ይህ የሚሆነው ግን ሰው ስላለ ነው። ሕፃን ራሷን ስትመግብ አንድ ማዕድ ግማሽ ሰዓት ይወስዳል፤ ያን ሁሉ ጊዜ አንድ ሰው ዓይኑን ሳይነቅል መቀመጥ አለበት። እኔ ከቤት እሠራለሁ፣ እናቴም አለች። እዚህ ሰፈር ግን ብዙ እናቶች ጎህ ሳይቀድ ለፈረቃ ሰርቪስ ይሰለፋሉ። የ2019 የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጣል፤ የጤና ሚኒስቴር ደግሞ እስከ 180 ቀን ጡት ብቻ ይላል። በመሐል ያሉት 90 ቀናት አያት ላላት ልጅ የአያት ናቸው። አያት ለሌላት የሞግዚት፣ ለእሷም ለማይከፈል ቤት የጎረቤት ናቸው፤ ጎረቤቷ የራሷን ሦስት ልጆችና ድስቷን ይዛ፣ የሰው ልጅ ስታለቅስባት፣ ቶሎ የሚያልቀውን ነገር ነው የምታነሳው። ቀጭን ሙቅ በጡጦ አምስት ደቂቃ ነው።